ለፀሐይ ያነበብኩላት ውሸት

በ1961 ዓ.ም. የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ፈረንጅ ቤት ዘበኛ የነበረው አጎቴ፣ ፈረንጆቹ የጣሉትን የሥዕል ቀልድ መጽሔት ካፖርቱ ውስጥ ከቶ ያመጣልን ነበር። ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። አንዷን አልረሳትም፤ ፊልም ለመሥራት በየስቱዲዮው የምትንከራተት ጸጉረ ቢጫ ልጅ ነበረች። ከፈረስ ጭቃ ውስጥ ትወድቃለች፤ አንበሳ ያባርራታል፤ ኬክ ፊቷ ላይ ይለጠፋል።

ቤታችን ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል የሚለይ እኔ ብቻ ነበርኩ። መለየት ነው እንጂ ትርጉሙን የት አውቄው! ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ብዩን ጥሎ ሲከበኝ አላውቅም እንዴት ይባላል? ሥዕሉን እያየሁ እፈጥራለሁ። መጨረሻው ገጽ ላይ ባርኔጣ ያደረገ ወፍራም ሰውዬ ልጅቷ ላይ ጣቱን ቀስሯል።

“ምን አላት?” አለችኝ እህቴ ፀሐይ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር።

“ከነገ ጀምሮ ዋናዋ አንቺ ነሽ አላት።”

“ማርያምን በል!”

“ማርያምን!”

አመነችኝ። አዲስ ተዋናይ የሚፈትን ቲያትር ቤት መኖሩን ሰምታ ተደብቃ ሄደች። አባቴ “የት ናት?” ሲል፣ ጉራዬን ልነዛ “ተዋናይ ልትሆን!” አልኩት። ከተፈታኞቹ ሰልፍ መሀል በነጠላዋ ጎትቶ አመጣት። “የኔ ልጅ አዝማሪ ልትሆን?” በወሩ ጅማ ለማታውቀው ሰው ተዳረች። እስክትሞት የቲያትር ቤት ደጃፍ ዳግም አልረገጠችም። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ በአባቴም፣ በዚያ በማያርፍ ምላሴም።

አሁን የምኖረው ሚኒሶታ ውስጥ አፕል ቫሊ፣ ልጄ ቤት ነው። ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሊያ፣ ስነግራት የኖርኩትን ያንን መጽሔት ሪችፊልድ ከተማ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ አግኝታ አመጣችልኝ። ባለባርኔጣው ሰውዬ ምን እንደሚል ጠየቅኳት።

“‘ውጪ! ሂጂና ሰሃን እጠቢ!’ ነው የሚላት፣ አያዬ።”

ለካ መጽሔቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በልጅቷ መሳቂያ ኖሯል! ቀልድ ነው እንግዲህ ይኼ? ግን ምንም ቢስቁባት፣ እንደ ፀሐይ በነጠላዋ ጎትቶ ቤት የከተታት የለም።

ሊያም በማግስቱ ሚኒያፖሊስ ለቲያትር ትምህርት ኦዲሽን የሚሉት ፈተና ነበራት። አባቷ፣ ልጄ፣ ከሥራ ገብቶ ስለ ኦዲሽኑ ስንጫወት ሰማን።

“አባዬ፣ አታበረታታብኝ። ነርሲንግ ነው የምትማረው። ነገ ማንም ድራይቭ አድርጎ አይወስዳትም።”

“ዳድ፣ ፕሊስ!”

“ኖ አልኩ፣ ኖ ነው! ሰው ምን ይለኛል?”

ጆሮዬን አላመንኩም። አባቴ ተነስቶ ሚኒሶታ ድረስ የመጣብኝ መሰለኝ።

“አባቴ እንኳ ፊደል አልቆጠረም! አንተ ኮሌጅ ጨርሰህ ነው ይህን የምትለው?” ብዬ ጮህኩበት። እሱ ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ አባቴን የሚያቆም ጉልበት አልነበረኝም። አሁን ግን ምን ሰበብ አለኝ?

በማግስቱ ጠዋት ከመኪናዬ ላይ በረዶውን ጠርጌ ሊያን አሳፈርኳት። ልጄ በካልሲው በረዶ ላይ ወጥቶ “አባዬ! አባዬ!” ይላል። መስኮቱን ዘግቼ ወደ ሚኒያፖሊስ ነዳሁ።