በየቃሉ ሴቭ

«አንቺ ከነካሽው ወዲህ ነው የታመመው» አሉኝ ጋሼ፣ ገና ጫማዬን አውልቄ ሳልጨርስ።

ጋሼ የሟች አክስቴ ባል ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር፤ ቤታቸው ሐይቅ ከተማ፣ ከመስጊዱ ጀርባ። እኔ ውጫሌ ሞባይል እጠግናለሁ። ኮድ መጻፍ ከኢንተርኔት በራሴ ተማርኩ እንጂ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ያስተማረኝ ሰው የለም። ታመመ ያሉት ላፕቶፓቸውን ነው።

«ጋሼ፣ እቃው አርጅቷል በቃ።»

«እሺ፣ አርጅቷል። እኔም አርጅቻለሁ። ግን ባለፈው ወር እንዲህ አላረጀንም ነበር።»

ላፕቶፑ ውስጥ ያለው የአክስቴ ግጥም ነው። አክስቴ አምባሰል ተወልዳ ያደገች፣ ለሰርግ በልመና የምትወሰድ ድምፃም ነበረች፤ አላህ ይዘንላት። አንዱን ግጥም ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጋ ብላው አታውቅም። ከሞተች በኋላ ጋሼ የሚያስታውሱትን መጻፍ ጀመሩ። ዛሬ አንድ ቃል ይጽፋሉ፤ ነገ «የለም፣ እንዲህ ነበር ያለችው» ብለው ይቀይሩታል፤ በሳምንቱ የመጀመሪያው ነበር ልክ ይላሉ። የሰረዙት ሲጠፋባቸው ምግብ አይበሉም ነበር። ስለዚህ ኮድ ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበትን ፕሮግራም ጫንኩላቸው፤ ሴቭ ባደረጉ ቁጥር የድሮውን ሳይነካ አዲሱን ከጎኑ ያስቀምጣል፣ የፈለጉትን ቀን ጽሑፍ ጠርተው ማየት ይችላሉ።

«ሦስት ዓይነት አድርጋ ብላው ከሆነ ሦስቱም ይቀመጥ» ነበር ያሉኝ።

አንድ አመል አላቸው። የላፕቶፑ ባትሪ ሞቷል፣ መብራት ደግሞ ሳይናገር ይጠፋል፤ ስለዚህ በየቃሉ ሴቭ ያደርጋሉ። አንድ ቃል፣ ሴቭ። አንድ ቃል፣ ሴቭ። ብዙ ስቄባቸዋለሁ።

ባለፈው ወር ፕሮግራሙን አፕዴት አድርጌ አዲሱን ጫንኩላቸው። ከዚያ ወዲህ የድሮ ጽሑፍ በጠሩ ቁጥር ላፕቶፑ ስታክ ያደርጋል፤ ደርቆ ይቀራል።

ፈትቼ አቧራውን አራገፍኩ። ቫይረስ ፈለግኩ። ምንም የለም። ከዚያ ራሙ፣ ላፕቶፑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ቦታ፣ ምን ያህል እንደተያዘ የሚያሳየውን ቁጥር ከፍቼ የመጀመሪያውን ግጥም ጠራሁ። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣ፣ አልወርድም አለ፤ ላፕቶፑ ደረቀ። ፕሮግራሙ የድሮውን ለማግኘት የተቀመጡትን ጽሑፎች አንድ በአንድ ያያል፤ አንዱን አይቶ ሲጨርስ የያዘውን ቦታ መልቀቅ ነበረበት፤ አይለቅም። የድሮውን ፕሮግራም መልሼ ጫንኩ። አዲሱ የጽሑፎቹን መዝገብ በራሱ መንገድ አደራጅቶት ኖሮ የድሮው አላውቀውም አለኝ። መመለሻም የለም ማለት ነው።

ጋሼ ፊቴን አዩት።

«ተይው የኔ ልጅ። አልተጻፈልኝም። ከእንግዲህ አልሞክርም።»

ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«አልተወውም» አልኩ። «ደግሞ እውነትዎን ነው። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።»

«አብሽሪ» አሉና ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

የፕሮግራሙ ኮድ ለማንም ክፍት ነው፤ የሚሠሩትም በየአገሩ ያሉ ሰዎች ናቸው። ጻፍኩላቸው። አንዱ «እኛ ጋ ደህና ነው» ብሎ መለሰልኝ። የራሴን ላፕቶፕ ከቦርሳዬ አውጥቼ በራሴ መዝገብ ስሞክረው፣ እውነትም ደህና ነው። ተናድጄ ጠረጴዛውን መታሁ። ሥራ እንዲይዙ ብዬ ጋሼን የሙከራዬን ውጤት ወረቀት ላይ ይጻፉልኝ አልኳቸው። «ደህና» ብለው ጻፉ፣ ጣታቸው ጠረጴዛውን ነካ አደረገ። «ነው» ብለው ጻፉ፣ ነካ። ወረቀት ላይ ሴቭ ያደርጋሉ! ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ደግሞ ጠፋ። እኔም ያ ሰውዬም በቀን አንዴ ሁለቴ ነው ሴቭ የምናደርገው። እሳቸው በየቃሉ፤ መዝገባቸው የትየለሌ ነው።

በየቃሉ ሴቭ እየተደረገ የተጻፈ የሚመስል የውሸት መዝገብ ሠራሁ። የኔም ላፕቶፕ ደረቀ። እልል አልኩ።

«ሲበላሽ ነው የምትደሰቺው?» አሉ ጋሼ።

በድሮውና በአዲሱ ፕሮግራም መሃል በመቶዎች የሚቆጠር ለውጥ አለ። መሃሉን ወስጄ እሞክራለሁ፤ ከታመመ ጥፋቱ ከዚያ በፊት ነው፣ ደህና ከሆነ ከዚያ በኋላ። የቀረውን ደግሞ እንደገና ለሁለት እከፍላለሁ። ጋሼ «ታማሚ»፣ «ደህና» እያሉ ይጽፋሉ። ሁለት ጊዜ መብራት ጠፋና የጀመርነው ሙከራ ከሰረ። እዚያው አደርኩ፤ በማግስቱ ከዙህር ሶላት ሲመለሱ አንድ ለውጥ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። አንድ ሰው ፕሮግራሙ እንዲፈጥን ብሎ፣ ቦታ የምትለቀውን መስመር ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ኋላ አንስቶ ከሁሉም መጨረሻ አድርጓታል። አንድ መስመር! ትንሽ መዝገብ ላለው ሰው ምንም አይለውም። ወደ ቦታዋ መለስኳትና «እኛ ጋ ደህና ነው» ላለኝ ሰውዬ ላክሁለት።

«በየቃሉ ሴቭ የሚያደርግ ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«መብራት የሚጠፋበት ሰው» አልኩት።

ያስተካከልኩትን በጋሼ ላፕቶፕ ላይ ጫንኩና የመጀመሪያውን ግጥም ጠራሁ። ጋሼ ቁጥሩን እያዩ ጮክ ብለው ይነግሩኛል፤ «ወጣ... ወረደ። ወጣ... ወረደ።»

ግጥሙ ተከፈተ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። የግጥሙን ሁለት መስመሮች ሲያነቡ ቆዩ።

«የመጀመሪያው ቀን የጻፍኩት ነበር ልክ» አሉ። «ወላሂ፣ እንዲህ ነው ያለችው።» ከዚያ በአክስቴ ዜማ፣ በጎረነነ ድምፃቸው፣ ቀስ ብለው አንጎራጎሩት። እኔ የቻርጀሬን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ፤ ቶሎ አልጠቀለልልኝ አለ።

«በይ ሂጂ፣ መኪና ያመልጥሻል። እናትሽን ሰላም በያት።» ዓይናቸውን ከላፕቶፑ አላነሱም።

በሩ ላይ ጫማዬን ሳጠልቅ አንድ ቃል ሲጽፉ ሰማሁ፣ ከዚያ ሴቭ። የውጫሌው ሚኒባስ ረዳት ከአስፋልቱ እየተጣራ ነበር። ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሮጥኩ።