ሸሪፍ ማን ነው?

ጁባ፣ ቶንፒንግ ሰፈር፣ መሥሪያ ቤቴ በር ላይ የጸጥታ ሰዎች በጠራራ ፀሐይ አፈፍ አድርገው ወሰዱኝ። ያስገቡኝ ክፍል መስኮት የለውም። ወለሉ እርጥብ ሲሚንቶ ነው፤ ሽንትና የደረቀ ደም ይሸታል። ወንጀሌን ስሰማ ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

ጥቂት ሐበሾች ቅዳሜ ቅዳሜ የድሮ የካውቦይ ፊልም እያየን እንወያይ ነበር። ፊልሞቹን የማጠናው እኔ ነኝ። አንድ ሰው በአንድ ሽጉጥ ከተማ ያድናል የሚለውን ተረት እየበለትኩ መመርመር ደስ ይለኛል። ለጓደኞቼ በስልክ የላክሁት የድምፅ መልእክት «ቅዳሜ እንዳትቀሩ፣ ሸሪፉን እንገድለዋለን» ይላል፤ ተረቱን በክርክር እናፈርሰዋለን ማለቴ ነበር። መልእክቱ እንዴት እጃቸው እንደገባ ዛሬም አላውቅም። ሸሪፍ ለእኛ የካውቦይ ከተማ ሕግ አስከባሪ ነው፤ ጁባ ላይ ግን የሰው ስም ነው።

«ሸሪፍ ደ ሙኑ?» አለ የመርማሪዎቹ አለቃ። ሸሪፍ ማን ነው ማለቱ ነው።

አስተርጓሚው አዲስ አበባ ያደገ ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይጣፍጣል።

«ስም አይደለም፣ ሥራ ነው። የፊልም ነው» አልኩት።

ተረጎመለት። አለቃው ጀርባዬን በጎማ ቱቦ ለመጠጠኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው። ደገመኝ፤ ከዚያ በጫማው አፌን መታኝ። ፊልም ላይ የተመታ ሰው ከንፈሩን ጠርጎ ይነሳል። እኔ ሱሪዬ ላይ ሸናሁ፤ እናቴን እየጠራሁ ጮህኩ።

አለቃው ስልክ ሊያነጋግር ሲወጣ አስተርጓሚው አጠገቤ ቁጢጥ አለ።

«ወንድሜ፣ መልእክቱን የተረጎምኩት እኔ ነኝ። የሰው ስም መስሎኝ ነው። አሁን ተሳስቻለሁ ብል እኔንም እዚሁ ይጥሉኛል። በናትህ፣ አንድ ሸሪፍ ስጣቸውና እንገላገል።»

አንድ ሸሪፍ አውቃለሁ። የጁባ ወደብ ላይ የመሥሪያ ቤታችንን ዕቃ ከጀልባ የሚያወርድ ወዛደር ነው። ስሙ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ምነው ሌላ ስም ባወጡለት ብዬ ተናደድኩበት። ከዚያ እዚህ ወለል ላይ ተኮራምቶ ታየኝ። ለእኔ የሚሟገት መሥሪያ ቤት አለኝ፤ ለእሱ ማን አለው?

አለቃው ሲመለስ ግድግዳውን ይዤ ተነሳሁ። የተሰበረ ጥርሴን ተፋሁ፤ የሸሚዜን ቁልፍ ቆለፍኩና ግድግዳውን ለቀቅሁ።

«ሸሪፍ የሚባል ሰው አላውቅም።»

አስተርጓሚው ዓይኔን ሳያይ ተረጎመው። ያን ቀን ክንዴን ሰበሩት። ሁለተኛም ጠየቁኝ፤ መልሴ ያው ነበር።

በመጨረሻ መሥሪያ ቤቴ አስፈታኝ። ይቅርታ ያለኝ የለም። ፊልሞቹን አሁንም አጠናለሁ፤ ድብደባው ላይ ስደርስ ግን አሳልፈዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ዕቃ ልረከብ ወደብ ወረድኩ። ሸሪፍ ጆንያ ተሸክሞ ከጀልባው ሲወርድ አየኝ።

«ሐበሻ! ኢታ ኬፍ፣ እንዴት ነህ? ጥርስህ ምን ሆነ?»

«ከሞተር ወደቅኩ» አልኩት።

«አይ ሐበሻ፣ ሞተር መቀመጥ እንኳ አትችሉም!» ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ጆንያውን እንደተሸከመ እየሳቀ ሄደ። እስኪርቅ ድረስ ቆሜ አየሁት።