የኦቱሊያ የሽንኩርት መደብ

የእኔንና የጎረቤቴን የዶን ኢላሪዮን ቤት የሚለየው አንድ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ሚስቱ ኦቱሊያ ከሞተች ወዲህ፣ ማቴ ለሚባለው የቅጠል ሻይ የሚያፈላው ውሃ ካልተንተከተከ በቀር ከቤቱ ድምፅ አይሰማም። ከሜዳው ሥር ግን ቱኮቱኮ የምንለው ፍልፈል ነበር። ከጉድጓዱ ሆኖ የገዛ ስሙን ይጠራል፤ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ።

ኦቱሊያ አምርራ ትጠላው ነበር፤ ሽንኩርቷን ከሥር እየጎተተ ይበላባታል። ኢላሪዮም ፈረሱ እግሩን እንዳይሰበር ጉድጓዱን በድንጋይ ሲደፍን ኖሯል። ከቀብሯ በኋላ ግን ከሰዓት ከሰዓት ወንበሩን ሜዳው ዳር እያወጣ ያዳምጠው ጀመር። ለምን ብዬ አልጠየቅሁትም። እኔም ባሌ ከሞተ ጀምሮ ሬዲዮ ከፍቼ እውላለሁ።

ሣሩ ቢጫ መሆን ሲጀምር የዱር አሳማዎች ከተራራው ወረዱ። ሥርና ትል ፍለጋ ሜዳውን በአፍንጫቸው ገለባበጡት። የፍልፈሉ መተላለፊያ ተደረመሰ፤ የሚበላው የሣር ሥር ፀሐይ ላይ ደረቀ። ድምፁም ጠፋ።

ኢላሪዮ ግን መቀመጡን አልተወም። ከብት ጠባቂው ቤኒሲዮ ሲያልፍ አየው።

«ዶን ኢላሪዮ፣ አሳማው በነፃ አርሶልዎት ምን ያስተክዝዎታል? በቆሎ ይዝሩበት እንጂ። ደግሞ ሠላሳ ዓመት በድንጋይ ሲደፍኑበት የኖሩት እርስዎ አይደሉ?»

«ደፍኛለሁ» አለ ኢላሪዮ። «ያኔ የማወራው ሰው ነበረኝ።»

ቤኒሲዮ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ፈረሱን ነዳ።

አሥር ቀን ያህል ቆይቶ፣ ጠዋት ላይ ኢላሪዮ ደጄ መጥቶ ነይ አለኝ። የወሰደኝ ወደ ኦቱሊያ የአትክልት ቦታ ነበር። እሷ ካለፈች ወዲህ በሩን ከፍቶት አያውቅም። ላሞቹን ፈርታ ያሳጠረችው ጠንካራ አጥር ነው፤ አሳማዎቹም እስከ እንጨቱ ሥር ቆፍረው ተመልሰዋል። ውስጥ ሽንኩርቱ በቅሎ፣ አርጅቶ ተጋድሟል። ከመደቡ ጥግ አዲስ የአፈር ቁልል አየሁ። አንድ የሽንኩርት አገዳ ነቅነቅ አለና ወደ መሬት ሰመጠ። ከዚያ ሰማነው።

«ብታየው በአካፋ ነበር የምትለው» አለ።

«ነበር» አልኩት።

ብዙ ቆመን አዳመጥን። ኢላሪዮ ሽንኩርት አይወድም፤ ከሾርባው ውስጥ እየለቀመ ሲጥል ኦቱሊያ ስትቆጣው ስንቴ ሰምቻለሁ። በዚያው ሳምንት ከከተማ አንድ እቅፍ የሽንኩርት ችግኝ ገዝቶ መጣ። እሷ ስትተክል ቆሞ አይቶ ስለማያውቅ፣ በምን ያህል ርቀት እንደሚተከል ጠየቀኝ።

«አንድ ስንዝር» አልኩት።

ተንበርክኮ በእጁ እየለካ ተከለ። ሲጨርስ በሩን በሽቦ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ አሰረው።