አስራ ስድስተኛው ዘፈን

መነጽር ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ጆሮ» ነበር የሚሉት። ሥራው ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ቁጭ ብሎ ሌንስ መሞረድ ነው። ማሽኑ ውሃ እየረጨ ሲጮህ ይውላል፤ እሱም አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ዘፈን ሲሰማ ይውላል። አንድ ቀን ማሽኑን ድንገት አጠፋና «መሞረጃ ድንጋዩ ሊሰነጠቅ ነው፣ ድምፁ ቀጥኗል» አለ። ዓይን የምትመረምረው ሴትዮ ከት ብላ ሳቀችበት። ጠጋኙ መጥቶ ሲፈታው እውነትም ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ተገኘች። ከዚያ ወዲህ የገዛ ስሙ ተረሳ፣ «ጆሮ» ሆኖ ቀረ።

አርባ አንድ ዓመቱ ነው። አላገባም። «ሚስት የምትሆነው መጀመሪያ ድምፅ ተፈትና ነው» እያሉ ይቀልዱበታል፤ እሱም አይከፋውም። የሚኮራበት አንድ ነገር ነበረው፦ በየዓመቱ ማብቂያ የሚያወጣው ዝርዝር። አስራ አምስት ዘፈን። አንድ አይጨምር፣ አንድ አይቀንስ። ዓመቱን ሙሉ የወጣውን ሁሉ ይሰማል፤ ሰው ሁሉ የሚጨፍርበትንም፣ አሳታሚ አጥተው መኝታ ቤታቸው ውስጥ ቀርጸው በራሳቸው የሚለቁትን የልጆቹንም። አውቶቡስ ላይ ይሰማል፣ ሥራ ላይ ይሰማል፣ ወረፋ ላይ ይሰማል። ከዚያ መርጦ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ሁለት ሦስት መስመር ጽፎ ገጹ ላይ ይለጥፋል። አራት ሺህ ያህል ሰው ያነብለታል። የሚያነቡት ስለማያዳላ ነው። አንዴ የመነጽር ቤቱ ባለቤት የወንድሙን ልጅ ዘፈን እንዲያስገባለት ለምኖት «ጌታዬ፣ ከሥራ ቢያባርሩኝ ይቀለኛል» ብሎታል።

ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት የምታየው አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ ታናሽ እህቱ። ሚጢ ይላታል። በአስራ ሁለት ዓመት ይበልጣታል። ስድስት ዓመቷ ሳለ የማዳመጫውን አንዱን ጫፍ ለሷ ጆሮ፣ አንዱን ለራሱ አድርጎ ደረጃው ላይ ይቀመጡ ነበር። «አሁን የገባው ምንድን ነው?» ይላታል። «ቤዝ!» ትላለች። አድጋም አልተወችውም። ዝርዝሩን ሲልክላት «ይቺ ሦስተኛ? ጤና የለህም!» ብላ ትደውላለች፤ ይጨቃጨቃሉ፤ አንዳንዴ ትረታዋለች።

ከሁለት ዓመት በፊት እናታቸው መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወደቁ። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፣ ምላሳቸውም ተያዘ። ሚጢ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነበረች፤ ሥራዋን ትታ እናቷን ያዘች። ጆሮ እሑድ እሑድ መድኃኒቱንና የሽንት ጨርቁን ይዞ ይመጣል፤ የእናቱን ግንባር ይስማል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጣል፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይሄዳል። ማዳመጫው ጆሮው ላይ እንዳለ ነው። አራት መቶ ዘፈን በዓመት በትርፍ ጊዜ አይደረስበትም።

በዚያ ዓመት ሚጢ ራሷ ዘፈን ሠራች። እናቷ በሚተኙበት ሰዓት ጎረቤት ያለ ጊታር የሚጫወት ጓደኛዋ ጋ እየሄደች አዘጋጀችው፤ አቀናባሪ ፈልገው አስጨረሱትና ለቀቁት። ለወንድሟ ስትልክለት «ስማውና እውነቱን ንገረኝ» ብላ ጻፈችበት።

አውቶቡስ ላይ ሰማው። አንዴ ሙሉውን ሰማ፤ ሁለተኛው መሃል ላይ መውረጃው ደረሰ። ድምፅዋ በማቀናበሪያ ማሽን ተተኩሶ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ቀጥ ብሏል። ከሥሩ የጭፈራ ከበሮ ይደልቃል። «ትራስህን ላቃናልህ» እያለች ትደጋግማለች። ሌላ የፍቅር ዘፈን፣ አለ በልቡ። «ጥሩ ጅምር ነው» ብሎ መለሰላት። በሱ አፍ ከዚህ የከፋ ፍርድ እንደሌለ ሚጢ ታውቃለች።

ዝርዝሩ ሊወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እናቷን ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰች ፊቷን ሳታዞር ጠየቀችው።

«አስራ አምስተኛም ብትሆን... አትገባም?»

«ሚጢዬ፣ እንደሱ አይሆንም።»

«አውቃለሁ። እንዲያው አፌ ላይ መጥቶ ነው።» የእናቷን አገጭ ጠረገች።

ያን ዓመት ዝርዝሩን ቀድሞ አልላከላትም። ፈራ። እንደማንኛውም ሰው ገጹ ላይ አነበበችው። አንደኛ ያደረገው ነዳጅ ማደያ የምትሠራ ልጅ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ በስልኳ የቀረጸችውን ነው። «ከመጨረሻው ስንኝ በፊት የመቀመጫ ቀበቶ ሲፈታ ይሰማል» ብሎ ጽፏል፤ «ከመኪናው ልትወርድ እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።» ሁለተኛው በየሰርጉ የሚዘፈነው ነው፤ «አትናቁት፣ ሦስተኛው አዝማች ላይ ቤዙ ለሁለት ምት ይጠፋል፤ የአዳራሹ እግር በሙሉ አየር ላይ ይንጠለጠላል» ብሎታል። እንዲህ እያለ እስከ አስራ አምስት። ሚጢ የለችበትም።

እሑድ ሲመጣ በር ከፈተችለት። ሰላምታዋ ደህና ነበር። የእናታቸውን አንሶላ አብረው ቀየሩ። ከዚያ ኩሽና ጠራችው።

«ስንት ጊዜ ሰማኸው የኔን?»

ውሸት አይችልበትም። «አንዴ ተኩል።»

«የነዳጅ ማደያዋንስ ልጅ?»

ከስልሳ ጊዜ በላይ ሰምቶታል።

«ስለማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ስለ ፍቅረኛ ነዋ። ትራስህን ላቃናልህ ትያለሽ አይደል?»

ሚጢ ሳቀች፤ የሚያስደነግጥ ሳቅ። «‘ሽ’ ነበረች» አለች። «ትራስሽን ላቃናልሽ ነበር ያልኩት። አቀናባሪው ነው ‘ለወንድ ይሁን፣ ለእናት ከሆነ ማን ይጨፍርበታል’ ብሎ የለወጠው። ደክሞኝ ነበር፣ እሺ አልኩ። ሌላ ሰው ባይገባው አልፈርድበትም። አንተ ግን የማንን ትራስ ሳቃና እንደከረምኩ አታውቅም? እዚህ ቤት አይደለም የምትመጣው?»

ይቅርታ ማለት የነበረበት እዚህ ጋ ነበር። አንደበቱ ግን የለመደውን አወጣ።

«ይኸው፤ እንግዲያው ያበላሸው እሱ ነው። እኔ እኮ የሰማሁትን ነው የፈረድኩት።»

«ልክ ነህ» አለች፣ እጇን በፎጣ እያደረቀች። «አንተ መቼም ልክ ነህ።»

በሁለተኛው ሳምንት በማይመጣበት ቀን መጣ፤ መድኃኒት ቤት የጠፋው እንክብል ተገኝቶ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። መተላለፊያው ላይ እንደደረሰ ከመኝታ ክፍሉ ዜማ ሰማ፤ ያው ዘፈን ነው። ከበሮ የለ፣ ማሽን የለ፤ ሚጢ በደረቅ፣ እንቅልፍ ባጣ ድምፅዋ፣ ሥራ እየሠራች ነው የምትዘፍነው። «ትራስሽን ላቃናልሽ።» ከኋላዋ ሌላ ድምፅ ይከተላል፤ ቃል የሌለው፣ የተሰበረ፣ ሁልጊዜ በሁለት ምት የሚዘገይ። እናቱ ናቸው። ከወደቁ ጀምሮ ከአፋቸው አንድ የተቃና ነገር ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም።

መድኃኒቱን ወንበር ላይ አስቀምጦ እንደ ሌባ ወጣ።

በማግስቱ ሌንሶቹን ገፋ አድርጎ ጻፈ። በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አስራ ስድስተኛ ዘፈን ጨመረ። የሰማውን አንድ ሳያስቀር ጻፈው፤ አልጋውን፣ ትራሱን፣ የተያዘውን ምላስ፣ በሁለት ምት የሚዘገየውን ዜማ። እየጻፈ ዓይኑ እንባ አቀረረ። የጻፈው ጆሮው ይሁን ጸጸቱ፣ ለይቶ አላወቀም፤ ሳይለይም ለጠፈው።

ሰዎቹ ጽሑፉን አንብበው ዘፈኑን ከፈቱ። ያገኙት ያንኑ የጭፈራ ዘፈን ነው። «ጆሮ፣ ምን ነካህ?» አለ አንዱ። «እህቱ እኮ ናት» አለ ሌላው፤ «በቃ፣ ዝምድና ገባ።» ዓይን መርማሪዋ እንኳ ወደ ክፍሉ ብቅ ብላ «እኔ መቼም ሙዚቃ አላውቅም» አለችው፤ «ግን ያነበብኩትና የሰማሁት አልገናኝ አለኝ።»

ከሰዓት በኋላ ከሚጢ መልእክት ገባ።

«የጻፉትን አንብቤዋለሁ። የእናቴን አልጋ ለአራት ሺህ ሰው ያሳዩልኝ ብዬ አልለመንኩም። እባክዎ ያጥፉት።»

መጀመሪያ ለሌላ ሰው የተጻፈ መስሎት ነበር። ሚጢ በሕይወቷ አንቱ ብላው አታውቅም። ደጋግሞ አነበበው፤ «እባክዎ» የምትለው ቃል አልነቃነቅ አለች። አጠፋው። ደወለላት፤ አላነሳችም። በሳምንቱ «ሲመጡ የደም ግፊቱን መድኃኒት ይዘው ይምጡ» ብላ ጻፈች። እንዲሁ ቀረ። ስድብ የለ፣ ኩርፊያ የለ፤ ለባዳ የሚሰጥ ክብር ብቻ። ዘፈኑንም ከየቦታው አነሳችው። ደግሞ ልስማው ቢል እንኳ የትም የለም።

እሑድ እሱ ሲገባ እሷ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ወደ ጎረቤት ትወጣለች። አሁን ማዳመጫውን አውጥቶ ኪሱ ውስጥ ይከታል፤ ወንበሩን ከአልጋው ያስጠጋል። አንድ ቀን ዜማውን ቀስ ብሎ ጀመረላቸው። በጆሮው ያለው ጉሮሮው ላይ አልነበረም፤ ሰበረው። እናቱ ትንሽ አዩትና ደህና ያለውን እጃቸውን ወደ በሩ አነሱ። ሚጢን ጥራልኝ ማለታቸው ነው።

በዓመቱ ማብቂያ አስራ አምስት ዘፈን መረጠ። ዘጠነኛውና አስረኛው ቢለዋወጡ ይሻል እንደሆነ አልቆርጥለት አለ፤ «ጤና የለህም» የሚለው ሰው አልነበረምና እንዳለ ለጠፈው። አንባቢዎቹ አመሰገኑት፤ ዘንድሮ እንደ ድሮህ ሆንክ አሉት። ከሥር አንዲት ሴት ጠየቀች፦ «ያቺ አምና ጽፈህ ያጠፋሃት ልጅስ? እኔ ያልከውን አምኜህ ነበር። አዲስ ነገር አላወጣችም?»

ማሽኑን አጠፋ። እርጥብ ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገና «የለም፣ ትታዋለች» ብሎ መለሰላት። ከፊት ክፍል መነጽሩን የሚጠብቅ ደንበኛ «ኧረ አልደረሰም?» እያለ ነበር፤ ሌንሱን አነሳ።