ሲጮህ መቆም፣ ሲጮህ መሮጥ

አሽቀሎን ትምህርት ቤት የገባን ዕለት ወንድሜ ሰባት ዓመቱ፣ እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከጎንደር ወደ እስራኤል ከመጣን ገና አምስተኛ ወራችን ነው። አባታችን የመምጫ ተራውን እየጠበቀ እዚያው ስለቀረ፣ በር ድረስ ያደረሰችን እናታችን ነበረች። ጎንበስ ብላ ወንድሜን አስተማሪ ያለችውን ሁሉ እንዲያደርግ፣ ሌላው ቢረብሽ እንኳ እሱ እንዳይንቀሳቀስ መከረችው። እኔን ያለችኝ እንደ ሁልጊዜው አንድ ነገር ነው፦ "እሱን አደራ።" ከዚያ ለጽዳት ሥራዋ አውቶቡስ ልትይዝ ሄደች።

በዚያው ቀን የወንድሜ አስተማሪ ከክፍሌ አስጠርታኝ ሁለታችንን ግቢው ጥግ ወዳለው ሚክላት ወሰደችን። ሚክላት ሮኬት ተተኩሶ የማስጠንቀቂያው ሳይረን ሲጮህ የሚገባበት ወፍራም የሲሚንቶ ቤት ነው። በሩ ብረት ነው፤ ግድግዳው ላይ ልጆች ዓሣና ፀሐይ ስለውበታል፤ ውስጡ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። አስተማሪዋ ራሷ እየሮጠች ገብታ አሳየችን። አሥር ጣቶቿን ሦስት ጊዜ ዘረጋች፤ ሠላሳ ሰከንድ ማለቷ ነው። የቀረውን ግማሽ በግማሽ እንኳ አልሰማኋትም፤ ግን አዎ ለማለት "ኬን፣ ኬን" አልኩ። በእኛ ቤት አስተማሪን "አልገባኝም፣ ድገሚልኝ" ማለት ድፍረት ነው። ወንድሜን "ሲጮህ እዚህ እንገባለን" አልኩት። እሺ አለ።

ለብዙ ሳምንታት ምንም አልተሳካለትም። ዕብራይስጥ የሚጻፈው ከቀኝ ነው፤ እሱ ከግራ ይጀምራል። አስተማሪዋ ስታናግረው በአስተዳደጉ መሬት መሬት ያያል፤ እሷ ደግሞ አገጩን በጣቷ ቀና ታደርገዋለች። ኳስ ሲጫወቱ አጥር ተደግፎ ያያቸዋል።

ከፋሲካ በኋላ የሞቱ ወታደሮች የሚታሰቡበት ቀን ደረሰ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰን ግቢው ውስጥ ተሰለፍን። የሳይረኑ ጩኸት በከተማው ሁሉ ተለቀቀ፤ ረጅም፣ ወጥ ድምፅ ነው። አስተማሪዎቹም፣ ዘበኛውም፣ ከአጥሩ ውጭ ከመኪናቸው የወረዱት ሰዎችም ባሉበት ደረቁ። እኔ ግራ ቀኝ አየሁ። ወንድሜ ግን ይህን ያውቀዋል። ጎንደር ባንዲራ ሲሰቀል ያረፈደ ልጅ እንኳ በር ላይ ባለበት ቀጥ ይላል፤ መዝሙሩ ሳያልቅ እግሩን ያነሳ ተቀጥቶ ይንበረከካል። ወንድሜም እጆቹን ከጎኑ ለጥፎ፣ አገጩን ሳይነግሩት ቀና አድርጎ ቆመ። ከኋላው ሁለት ልጆች ሲሳሳቁ፣ ዝንብ አፍንጫው ላይ ስታርፍ፣ አልተነቃነቀም። ጩኸቱ ሲያበቃ አስተማሪዋ ራሱን ዳሰሰችውና "ኮል ሀካቮድ" አለችው። ጎበዝ ማለቷ ነው። እዚያ ትምህርት ቤት ሲመሰገን የመጀመሪያው ነበር። አቲቆት ሰፈር ያለው ቤታችን እስክንደርስ በየመንገዱ ጥግ ቀጥ እያለ አሳየኝ።

እኔ ግን ሲጮህ ሚክላት እንገባለን ያልኩትን አስታወስኩ። በማግስቱ አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ ጠየቅሁ። ወጥ የሆነው ድምፅ ለሙታን ነው፣ ወጣ ወረድ የሚለው ሲመጣ ግን ሁሉም ይሮጣል አለችኝ። እቤት ወንድሜን አስቀምጬ ሁለቱንም በአፌ እያጮህኩ ላስለየው ሞከርኩ።

"ጎበዝ የተባልኩት ስቆም ነው" አለኝ።

እናቴ ሰምታ ከጓዳ ወጣች። "ተይ ልጄ፣ ክፉን በስሙ መጥራት ና ማለት ነው።"

ተውኩ። የታዘዝኩትን የማደርግ ልጅ ነበርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ከታች ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን ከሕንፃችን ሚክላት አሮጌ ብስክሌትና ፍራሽ እያወጡ ያጸዱ ጀመር። አንድ ቀን ስንገባ የውሃ ጠርሙስ ሲደረድሩ አየናቸው፤ እኛን ሲያዩ ፈገግ ብለው መደርደራቸውን ቀጠሉ። ከደቡብ በኩል ከባድ በር የተዘጋ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ሞተር ሳይክል ሲያጓራ ሰዎች መንገድ ላይ ቆም ብለው ያዳምጡና ይሄዳሉ። ከክፍሌ ልጆች አንዳንዶቹ ሰሜን ዘመድ ዘንድ ሄዱ ተባለ። በእናቴ ስልክ ከትምህርት ቤቱ መልእክት ሲመጣ የማነበው እኔ ነኝ። አንድ ማታ የመጣውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አትምጡ ይላል ብላት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ያልተጻፈ ማንበብ ውሸት ነው። "እንደ ወትሮው ትምህርት አለ ይላል" አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ደወል ሳይደወል፣ ጩኸቱ መጣ። ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ልጆች ቦርሳቸውን እየጣሉ ሮጡ። እኔም ሮጥኩ፤ የብረቱ በር አጠገብ ስደርስ ዞር አልኩ። ግቢው ባዶ ነበር። መሃሉ ላይ ወንድሜ እጆቹን ከጎኑ ለጥፎ፣ አገጩን ቀና አድርጎ ቆሟል።

አስተማሪዬ ክንዴን ያዘችኝ፤ አመለጥኳት። ስደርስበት ገላው እንጨት ሆኗል፤ ብጎትተው አልንቀሳቀስ አለ።

"አላለቀም እኮ" አለኝ በጥርሱ መካከል።

ከወገቡ ይዤ አነሳሁት፤ ሚክላቱ ራቀብኝ። የክፍሎቹ ግድግዳ ሥር ጣልኩትና ላዩ ላይ ተኛሁ። ፍንዳታው መሬቱን አንቀጠቀጠው፤ ከጣሪያው ጠርዝ አሸዋ ጀርባዬ ላይ ረገፈ። ሮኬቱ የወደቀው ሌላ ቦታ ነበር። ወንድሜ ከሥሬ እያለቀሰ ነበር፤ የፈራው ግን አስተማሪዋን ነው። ሳያልቅ ስለተንቀሳቀስኩ ትቆጣኛለች አለ።

እናቴ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ መጥታ ወሰደችን። እቤት ስንደርስ ሁሉንም ነገርኳት፤ በመጀመሪያው ቀን ሳይገባኝ "ኬን" ማለቴን ጭምር። አልተቆጣችኝም። ውሃ አጠጣችን፤ የወንድሜን ጫማ ፈታ እንደገና አጥብቃ አሰረችው። ከዚያ በሩን ከፍታ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ከለል አደረገችና፣ ውጭ ያለ ሰው እንዳይሰማ በሚመስል ቀጭን ድምፅ ጮኸች። ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ክፉ በስሙ አይጠራም ያለችው እናቴ ናት። የወንድሜ እጆች ወደ ጎኑ ሄዱ።

"ሩጥ" አለችው።

የወንድሜን እጅ ይዤ ሦስቱን ፎቅ ወረድን። እሱ ሰከንዱን በዕብራይስጥ ይቆጥራል። የሚክላቱን በር ስንነካ እናቴ ከላይ፣ ከደረጃው ስንት እንደሆነ ጠየቀች።

"ሠላሳ ሰባት" አልኳት።

ከሠላሳው በሰባት አልፈናል።

"ውጡ" አለች። "እንደገና።"