እኔ ሳልኖር ቤት የሰነበተች እናት

ካምፓላ በኮሮና ጥርቅም ብላ የተዘጋች ጊዜ፣ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ያለው የሳሙና ፋብሪካችን ሥራ የሚቀጥለው ሠራተኛው እዚያው ካደረ ብቻ ነው ተባለ። እኔ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ባሌም ካባላጋላ ሰፈር ያለው ምግብ ቤቱ ተዘግቶ ቤት ውሏል። «ልጅቷን ለኔ ተያት፤ ሁለት ሳምንት ምን አላት!» አለኝ። ልጃችን ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነበር።

ፍራሼን በካርቶን ክምር መሀል አነጠፍኩ። ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ! ከወለድኩ ወዲህ ማንም ሳይጠራኝ፣ ማንም እግሩን ሳይጭንብኝ ተኝቼ አላውቅም። በሥራ ሰዓት ስልካችን ጥበቃው ጋ ስለሚቀመጥ፣ ጠዋት ጠዋት ለልጄ ድምፄን ቀድቼ እልካለሁ። «የኔ ቆንጆ፣ በላሽ? ጎበዝ!» እላለሁ፤ እስቃለሁ። ባሌ ምሳ ሲያበላት ያሰማታል።

ሁለቱ ሳምንት ሲያልቅ ኃላፊው ጠራኝ። መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ ከቆየሽ ግን የፈረቃ ኃላፊ ትሆኛለሽ አለኝ። ለባሌ ደውዬ «መውጣት ከለከሉን» አልኩት። አፌን እንኳ አልያዘኝም።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቤቴ ደረስኩ። ቦዳ፣ የሞተር ሳይክሉ ታክሲ፣ ሰው እንዳይጭን ስለተከለከለ በእግሬ ነው የመጣሁት። ሰፈሩ ጭር ብሏል። በሩን ልገፋ ስል ከውስጥ ሴት ሳቀች። ክው አልኩ። «ይቺ ደግሞ ማናት! እኔ እዚያ ካርቶን መሀል ተኝቼ እሱ እዚህ...» ደሜ ፈልቶ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። «በላሽ? ጎበዝ!» አለች ሴትዮዋ።

ድምፁ የኔ ነው።

ገባሁ። ባሌ ጓዳ ዕቃ ያጥባል። ልጄ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ስልኩን ትራስ አስደግፋዋለች፤ ፊት ለፊቱ ማቶኬ፣ የተቀቀለ ሙዝ፣ በሰሃን አቅርባለታለች። ድምፄ ዝም ሲል ትመልስለታለች፤ ሊጀምር ሲል እሷ ዝም ትላለች። የት ላይ እንደምስቅ ቀድማ አውቃ ከኔ እኩል ትስቃለች። እንዲህ ተግባብተን አውርተን አናውቅም።

«የኔ ቆንጆ! መጣሁልሽ!» አልኩ፣ ማስኬን አውልቄ። ዞር ብላ አየችኝ። አልሮጠችም፣ አላለቀሰችም። እጄን ስዘረጋላት ስልኩን አንስታ ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«እሽሽ! እማዬ እያወራች ነው።»