ማናችንም ያልቀመስነው እንቁላል

ወሬው የደረሰኝ ባለፈው ዓቢይ ጾም፣ ቅዳሜ ረፋድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ገና ነጠላዬን ሳላወልቅ ነው። ዓመት ሊሆነው ነው፤ እንቁላል በሰበርኩ ቁጥር ግን ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

የደወለችልኝ የአከራዬ የእትዬ በቀለች ልጅ ገነት ናት፣ ከምትኖርበት ገጠር ከኮንጋ።

«ትዕግሥት፣ እማዬን የያዛት ወባ ነው አሉ ጤና ጣቢያ። መድኃኒቱን በባዶ ሆድሽ እንዳትውጪ ብለዋታል፣ እሷ ደግሞ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። እኔ በዝናቡ ምክንያት ሞተረኞቹ እንቢ አሉኝ። እስክደርስ አንድ ነገር አቅምሽልኝ።»

አፈርኩ። እሳቸው «ጉንፋን ነው» ስላሉ አምኜ፣ ግድግዳ ብቻ ለይቶን ሳላውቅ ቀረሁ። ከደብረ ብርሃን ለሥራ ዲላ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው፤ እዚህ ዘመድ የለኝም። ሲያመኝ ግንባሬን የሚዳስሱልኝ እትዬ በቀለች ናቸው።

ቤታቸው ስገባ መድኃኒቱ ሳይከፈት ትራሳቸው አጠገብ ተቀምጧል። ቆጮ ልስጥዎት ብል እንቢ፣ ገንፎ ብል እንቢ።

«አንተ ተወኝ፣ ሆዴ አይቀበልም» አሉኝ። አማርኛ ሲናገሩ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነው የሚሉት። ቆይተው ደግሞ «እንቁላል ቢሆን...» ጀምረው ተዉት። እሳቸው ፕሮቴስታንት ናቸው፣ የኔን ጾም ግን ያውቃሉ።

የፍስክ መጥበሻዬን ለፋሲካ ብዬ አጥቤ ሰቅዬው ነበር። አማተብኩና አወረድኩት።

በስልክ ያየሁትን የባሕር ማዶ አሠራር አስቤ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ፍሬው የወጣለት ቃሪያና ከጓሮ የቀነጠስኩትን ጎመን በዘይት አቁላላሁ። ሆዳቸውን እንዳይረብሽ በርበሬ አላደረግኩም። ጨው ጨመርኩበት። በጾም እንቁላል ቤቴ ስለማይኖር፣ ከልብስ ሱቋ ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ የመጣችውን ጎረቤቴን ሰሚራን «እንዳያርብኝ አማስዪልኝ» ብያት ወደ ኪዮስክ ወጣሁ።

«ወይ ጉድ! ሳልሰማ ፋሲካ ገባ እንዴ?» አለችኝ ባለ ኪዮስኳ።

«ለበሽተኛ ነው» አልኳት፤ ፊቴ ግን ጋለ።

ተመልሼ ስልሱን በማንኪያ ጎድጎድ ጎድጎድ አድርጌ አራት እንቁላል ሰበርኩበት። ሳላማስል ከደንኩት።

«ሰሚራ፣ ጨዉን ቅመሺው እስቲ።»

«ወላሂ አንቺም! ሮመዳን ነው እኮ። ራስሽ ቅመሺው።»

«እንቁላል እኮ ነው።»

ተያየንና ሳቅን። ያን ሰሞን ጾማችን ገጥሞ ነበር።

ሰሚራ ጎንበስ ብላ አሸተተችው። «ሽታውማ ግሩም ነው፣ አቅርቢው» አለች። ጨው ግን ሽታ የለውም።

እትዬ በቀለች የመጀመሪያውን ጉርሻ አፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩት።

«ጨዉ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው። ውሃ ስጠኝ።»

አንድ ብርጭቆ ጠጡ። ደግመው ጎረሱ፣ ደግመው ጠጡ። ለልጃቸው ጥቂት አስተርፈው መጥበሻውን በዳቦ ጠረጉት ማለት ይቻላል። ከዚያ መድኃኒቱን ፊታችን ዋጡ። ሰሚራ «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ እኔ «ተመስገን» አልኩ። በአራተኛው ቀን ጓሯቸውን ሲኮተኩቱ አየኋቸው።

ከፋሲካ በኋላ ነው ገነት ጉዱን ያወጣችው። ሰሚራና እኔ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣን ነበር።

«የዚያን ቀን ማታ ደርሼ የተረፈውን ብቀምሰው ሮጬ ወጥቼ ተፋሁት! ጨው በእንቁላል ነው የሠራችሁት?» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ወደ ሰሚራ ዞርኩ። «ጨው ጨምረሽ ነበር እንዴ?»

«የረሳሽው መስሎኝ ነዋ!»

ገነት እናቷን «እንዴት ዋጥሽው?» ብላ ጠይቃቸው ነበር። «ሁለቱም ለፈጣሪ ብለው አፋቸውን ዘግተው ሠሩልኝ፤ እኔ ለነሱ ብዬ ብውጥ ምን አለበት?» አሏት አለችን።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሁን ሳስበው ግን ደስ ይለኛል። ከዚያ በፊት ጾም ሲባል የማስበው እኔ ስለማልበላው ነገር ብቻ ነበር።

ሰሚራ አግብታ ሀዋሳ ገብታለች። ሰሚራዬ፣ ይህን ካነበብሽ አደራ፣ ነይ። ገነት፣ ለእናትሽ አንብቢላቸው። ረቡዕም ዓርብም ባልሆነ፣ ማናችንም በማንጾምበት ቀን አንድ ላይ ተሰብሰቡልኝ። ያንኑ ምግብ ልሥራላችሁ፣ ጨዉን ራሴ ቀምሼ አቀርበዋለሁ። ከበዛ ግን፣ እትዬ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎ፣ ይትፉት።